ያልተቆጠረ ሥራ፦ ጁን አልሜዳ እና የኮሮና ቫይረስ ጥናት ጉዞ

በ1931 ሻልክ እና ሆን የሚባሉ ሁለት የእንስሳት በሽታ ባለሙያዎች በአሜሪካ ሰሜን ዳኮታ ግዛት ስለታየ አዲስ የጫጩት በሽታ አጭር ጽሑፍ አወጡ። (ዓመታቱ ሁሉ፣ ለይቼ ካልገለጽኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጫጩቶቹ አፋቸውን ከፍተው ያቃስታሉ፣ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፣ ብዙዎቹም ይሞታሉ። በ1937 ቦዴት እና ሃድሰን የበሽታውን ቫይረስ ጽንስ በያዘ እንቁላል ውስጥ ማራባት ቻሉ። በ1949 ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች የአይጦችን አንጎልና ጉበት የሚያጠቃ ሌላ ቫይረስ ገለጹ። ጉዳዩ የዶሮ አርቢዎችና የላቦራቶሪ አይጥ ጠባቂዎች ጉዳይ ሆኖ ቀረ። የዶሮውንና የአይጡን ቫይረስ ዘመዳሞች ናቸው ብሎ ያገናኘ፣ ከሰው ጉንፋን ጋር ያዛመደም አልነበረም።

ሁለቱን ከዚያም ሦስቱን በዓይኗ አይታ የምታገናኘው ሴት የተወለደችው የጫጩቶቹ በሽታ በጽሑፍ ከመውጣቱ ከጥቂት ወራት በፊት፣ ኦክቶበር 5 ቀን 1930፣ በስኮትላንድ ግላስጎው ከተማ ነው። ስሟ ጁን ዳልዚል ሃርት ነበር። አባቷ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ታናሽ ወንድሟ በልጅነቱ በዘጊ አናዳ ሞተባት። ጁን በትምህርቷ ጎበዝ ነበረች፣ በሳይንስ ትሸለም ነበር፣ ዩኒቨርሲቲ የመግባት ፍላጎትም ነበራት፤ ቤተሰቧ ግን ወጪውን የሚችል አልነበረም። በ16 ዓመቷ ትምህርት ቤት ለቃ በግላስጎው ሮያል ኢንፈርመሪ ሆስፒታል በላቦራቶሪ ቴክኒሺያንነት ተቀጠረች። ሥራዋ ከታካሚ የተወሰደ ሥጋን በስሱ እየቆረጡ፣ ቀለም እየነከሩ በማይክሮስኮፕ ማየት ነበር። ከዚያ ወደ ለንደን ሴንት ባርቶሎሚው ሆስፒታል ተዛወረች። በ1954 ኤንሪኬ አልሜዳ የተባለ የቬንዙዌላ ሠዓሊ አገባችና ተያይዘው ወደ ካናዳ ሄዱ።

ካናዳ ለእሷ ዓይነት ሰው የተሻለ በር ነበር። በእንግሊዝ ዲግሪ የሌለው ሰው በምርምር ጽሑፍ ላይ ስሙን ለማስፈር ይቸገር በነበረበት ጊዜ፣ በቶሮንቶ የሚገኘው የኦንታሪዮ ካንሰር ኢንስቲትዩት ለሚችል ሰው ሥራ ሰጠ። ጁን እዚያ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ቴክኒሺያን ሆነች። ስሟም ቀስ በቀስ በጥናት ጽሑፎች ላይ መታየት ጀመረ።

የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕን ችግር ካልተረዳን የሠራችውን አንረዳም። መሣሪያው በተለመደው ማይክሮስኮፕ ጨርሶ የማይታየውን ቫይረስ ያሳያል። ችግሩ ቫይረሱን ብቻ ለይቶ አለማሳየቱ ነው። ከታካሚ አፍንጫ በተወሰደ እጥበት ውስጥ የተሰባበረ ሕዋስ፣ የፕሮቲን ፍርፋሪ፣ የስብ ጠብታ ሁሉ አለ፤ ሁሉም ክብ ክብ፣ ሁሉም ትንሽ። የቱ ቫይረስ፣ የቱ ኮተት እንደሆነ መለየት ከስንዴ ውስጥ እንክርዳድ ከመልቀም የባሰ ነው፤ ለቃሚው እንክርዳዱን ቀድሞ ያውቀዋል፣ ተመራማሪው ግን የሚፈልገውን ነገር አይቶት አያውቅም። በ1959 ብሬነር እና ሆርን የተባሉ ሁለት ሳይንቲስቶች የናሙናውን ዙሪያ በከባድ ብረት ጨው በማጥቆር ቫይረሱ ነጥቶ እንዲታይ የሚያደርግ ቀላል ዘዴ አሳትመው ነበር። አልሜዳ በዚህ ላይ ሌላ ነገር ጨመረች። ከበሽታው ያገገመ ሰው ወይም እንስሳ ደም ውስጥ ያለው ፀረ እንግዳ አካል ከዚያው ቫይረስ ጋር ብቻ ይጣበቃል። ስለዚህ ሁለቱን ብትቀላቅላቸው ቫይረሶቹ በፀረ እንግዳ አካሉ ተያይዘው ይከማቻሉ። ኮተቱ ተበታትኖ ይቀራል፤ የተሰበሰበው ቫይረስ ነው። በ1963 ከሲናደር እና ከሃዋትሰን ጋር ያሳተመችው ጽሑፍ ይህንን የፀረ እንግዳ አካልና የቫይረስ መያያዝ በፎቶግራፍ አሳየ።

በ1964 ሁለት ነገሮች ሆኑ። የለንደኑ ሴንት ቶማስ ሆስፒታል የሕክምና ትምህርት ቤት ፕሮፌሰር የነበረው ቶኒ ዋተርሰን በቶሮንቶ ሥራዋን አይቶ አድንቆ ስለነበር ወደ ለንደን አስመጣት። በዚያው ዓመት ደግሞ በአሜሪካ ፊላዴልፊያ ዩጂን ጋርፊልድ የተባለ ሰው የሳይንስ ማጣቀሻ መዝገቡን በመደበኛነት ማውጣት ጀመረ። መዝገቡ የሚሰበስበው እያንዳንዱ ጽሑፍ በኋላ በመጡ ጽሑፎች በማን እንደተጠቀሰ ነው። ጋርፊልድ ሐሳቡን መጀመሪያ ያቀረበው በ1955 ሲሆን የጠቀሰው ዋና ምክንያት ዛሬ ብዙ ሰው የሚረሳው ነው፦ ተመራማሪዎች የተጭበረበረ፣ የተጓደለ ወይም ጊዜው ያለፈበት መረጃ ሳያጣሩ እየጠቀሱ እንዳይቀጥሉ፣ በአንድ ጽሑፍ ላይ የተነሣውን ትችት ተከትለው እንዲያገኙ። መዝገቡ የተፀነሰው መንገድ መሪ እንዲሆን ነው። በሚቀጥሉት ዐሥርታት ግን ዩኒቨርሲቲዎችና ገንዘብ ሰጪዎች የሰው መመዘኛ አደረጉት። ስንት ጊዜ ተጠቀሰ የሚለው ቁጥር የሳይንቲስት ዋጋ ሆነ። በ2005 የፊዚክስ ተመራማሪው ሆርሄ ሂርሽ በስሙ የሚታወቀውን መለኪያ ሲያቀርብ ነገሩ ተጠናቀቀ፤ ቢያንስ 40 ጊዜ የተጠቀሱ 40 ጽሑፎች ያሉት ሰው መለኪያው 40 ይሆናል። የአንድ ሰው ዕድሜ ልክ ሥራ በአንድ ቁጥር ተጠቀለለ።

ጁን አልሜዳ የሠራችው ሥራ በእንዲህ ዓይነት ቁጥር ውስጥ አይገባም። ከዚህ በታች የምተርከው ይህንኑ ነው።

ከለንደን በስተ ደቡብ ምዕራብ፣ ሳልስበሪ ከተማ አጠገብ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካውያን ያቋቋሙት ሃርቫርድ ሆስፒታል የሚባል የእንጨት ቤቶች ስብስብ ነበር። ከ1946 ጀምሮ የጉንፋን ምርምር ክፍል ሆኖ ይሠራ ነበር። ፈቃደኞች ለ10 ቀን ያህል እየመጡ፣ ከሌላው ሰው ርቀው ሁለት ሁለት ሆነው እየኖሩ፣ በአፍንጫቸው ጠብታ ይጨመርላቸዋል። ከዚያ ጉንፋን ያዛቸው አልያዛቸው ይባላል። ሐኪሞቹ የተጠቀሙበትን የወረቀት መሐረብ ሳይቀር ይቆጥሩ ነበር። ምግብና መኝታው ነፃ ስለነበር ተማሪዎችና አዲስ ተጋቢዎች እንደ ዕረፍት ይወስዱት ነበር። የክፍሉ ኃላፊ ዴቪድ ቲረል ይባላል።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከለንደን በስተ ደቡብ በኤፕሰም በሚገኝ አዳሪ ትምህርት ቤት ጉንፋን ከያዘው ልጅ አፍንጫ እጥበት ተወሰደና ቢ814 የሚል ቁጥር ተሰጠው። ናሙናው ግራ የሚያጋባ ነበር። በፈቃደኞች አፍንጫ ላይ ሲጨመር ጉንፋን ያስይዛል፤ በላቦራቶሪ ውስጥ በተለመደው የሕዋስ ማራቢያ ሲሞከር ግን አይበቅልም። ከስዊድን የመጣው በርቲል ሆርን አዲስ ዘዴ አስተማራቸው፤ የመተንፈሻ ቱቦ ቁራጭን ሕይወት እንዳለው ጠብቆ ቫይረሱን በዚያ ላይ ማራባት። በዚህ ዘዴ ተሳካ። ቲረል እና ማልኮም ባይኖ በ1965 ውጤቱን በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል አሳተሙ። ቫይረሱ በኢቴር ሲነካ እንደሚሞት ስላወቁ የስብ ሽፋን እንዳለው ገምተዋል። ከዚያ አልፈው ምን እንደሚመስል የሚያውቁበት መንገድ ግን አልነበራቸውም።

ዋተርሰን ለቲረል ስለ አዲሷ ባልደረባው ነገረው። ቲረል ብዙ ተስፋ አላደረገም። በዚያ ዘመን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ቫይረስ ለማየት የጠራና የተከማቸ ብዙ ናሙና ያስፈልጋል ይባል ነበር፤ የመተንፈሻ ቱቦ ቁራጭ የሚሰጠው ግን እፍኝ የማይሞላ ቆሻሻ ፈሳሽ ነው። ቢሆንም መሞከር አይጎዳም ብሎ ላከላት። አስተዋይ ሰው ስለነበርም ቢ814ን ብቻ አልላከም፤ አስቀድሞ ከሚታወቁት ከኢንፍሉዌንዛና ከሄርፒስ ቫይረሶች ናሙና ጨመረበት። የሚታወቁትን ካላየች ያልታወቀውን አየሁ ብትልም አይታመንም ማለት ነው።

አልሜዳ የሚታወቁትን ለይታ አየች። ቢ814ንም አየች። ከዚህም በላይ፣ ከዚህ በፊት አይቼዋለሁ አለች። የዶሮውን የሳንባ ቧንቧ በሽታ ቫይረስና የአይጡን የጉበት በሽታ ቫይረስ ስታጠና ይኼንኑ ቅርጽ አይታ ነበር፤ ክብ ሆኖ ዙሪያውን እንደ ዘንግ ጫፋቸው የሰፋ ቅንጣቶች የተሰካኩበት። ያን ጊዜ ጽፋ የላከችውን ጽሑፍ ገምጋሚዎቹ መልሰውባታል። ምክንያታቸው ፎቶግራፎቹ ጥራት የጎደላቸው የኢንፍሉዌንዛ ሥዕሎች ናቸው የሚል ነበር። ልብ በሉ፦ የዚያን ጽሑፍ የመጠቀስ ቁጥር ማንም ሊነግረን አይችልም፤ ስላልታተመ ዜሮ እንኳ አይባልም። ዕውቀቱ ግን በአንዲት ሴት ዓይንና ትዝታ ውስጥ ተቀምጦ ነበርና ቢ814 ሲመጣ ወዲያው ሠራ።

ኤፕሪል 1967 አልሜዳ እና ቲረል ያገኙትን በጆርናል ኦፍ ጄኔራል ቫይሮሎጂ አሳተሙ። መጽሔቱ ራሱ ገና በመጀመሪያ ዓመቱ ነበር። ጽሑፉ ቢ814 እና በቺካጎ ዶሮቲ ሃምሬ እና ጆን ፕሮክናው ከሕክምና ተማሪዎች ያገኙት 229ኢ የተባለው ቫይረስ በቅርጻቸው ከዶሮው ቫይረስ እንደማይለዩ አሳየ። በዚያው ዓመት በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ኬኔት ማኪንቶሽና ባልደረቦቹ ኦሲ43 የተባለውን ጨመሩ። ጫጩት፣ አይጥና ሰው በአንድ ቤተሰብ ተገናኙ።

ለቤተሰቡ ስም ያስፈልገው ነበር። በዋተርሰን ቢሮ ተሰብስበው ተወያዩ። በቫይረሱ ዙሪያ ያለው ክብ ጨረር በግርዶሽ ጊዜ ፀሐይን ከቦ የሚታየውን አክሊል ይመስላልና ኮሮና አሉት። ኖቬምበር 16 ቀን 1968 ኔቸር መጽሔት አጭር ማስታወሻ አወጣ። የስምንት ተመራማሪዎች ስም ተዘርዝሮበታል፤ አልሜዳ በፊደል ተራ የመጀመሪያዋ ናት።

ዓለም አልተደነቀም። ለምን ይደነቅ? አዲሱ ቤተሰብ በሰው ላይ የሚያመጣው በሽታ ጉንፋን ነው። ለጉንፋን ገንዘብ የሚሰጥ፣ በጉንፋን የሚታወቅ የለም። አልሜዳ ራሷም ወደ ሌላ ሥራ አለፈች። አስቀድሞም በ1967 ከዋተርሰን ጋር ወደ ሃመርስሚዝ ሮያል ፖስትግራጁዌት ሜዲካል ስኩል ተዛወረች። በዚያው ዓመት ከባልደረቦቿ ጋር በእርጉዝ ሴቶች ላይ አደገኛ የሆነውን የሩቤላን ቫይረስ ለመጀመሪያ ጊዜ በማይክሮስኮፕ አሳየች። ቀጥሎ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ አንዱ በላዩ፣ ሌላው በውስጡ ያሉ ሁለት የተለያዩ ክፍሎች እንዳሉት አረጋገጠች። ዛሬ በሆስፒታል የሚደረጉ የሄፓታይተስ ቢ ምርመራዎች ብዙዎቹ በእነዚህ ክፍሎች ላይ የተመሠረቱ ናቸው። ዩኒቨርሲቲ ገብታ የማታውቀው ሴት ባሳተመቻቸው ጽሑፎች ብቻ የሳይንስ ዶክትሬት ተሰጣት።

ከሁሉ በላይ እኔን የሚያስገርመኝ ግን ዘዴዋ ከእጅ ወደ እጅ የሄደበት መንገድ ነው። አልበርት ካፒኪያን የተባለ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ሐኪም ለንደን መጥቶ ከእሷ ዘንድ ወራት ተቀምጦ ተማረ። አገሩ ተመልሶ በ1972 በኖርወክ፣ ኦሃዮ ትምህርት ቤት ተቅማጥና ትውከት ያስነሣውን ቫይረስ በዚሁ ዘዴ አገኘ፤ ዛሬ ኖሮቫይረስ የሚባለው ነው። በሚቀጥለው ዓመት ከስቲቨን ፋይንስቶንና ከሮበርት ፐርሰል ጋር የሄፓታይተስ ኤ ቫይረስን አገኙ። የሠራተኛ ልጅ ያስተማረችው ሐኪም ሁለት ቫይረሶችን አወጣ። በማጣቀሻ መዝገብ ውስጥ ይህ የካፒኪያን ድል ሆኖ ይቆጠራል፤ በእርግጥም ድሉ የእሱ ነው። አስተማሪ በአስተማሪነቱ የሚመዘገብበት ዓምድ በመዝገቡ ውስጥ የለም። በ1979 የዓለም ጤና ድርጅት በፍጥነት ቫይረስን ስለመለየት ያሳተመው የላቦራቶሪ መመሪያ ላይም የአልሜዳ እጅ አለበት። እንዲህ ዓይነት መመሪያ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ፣ በጣት እየተገለጠ፣ ይቆሽሻል እንጂ በጥናት ጽሑፍ ግርጌ ብዙ ጊዜ አይጠቀስም።

በኋላ ዌልካም ላቦራቶሪ ገብታ ሠራች፣ ከዚያም ጡረታ ወጥታ የዮጋ አስተማሪ ሆነች፣ አሮጌ ሸክላ ትጠግን ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ ወደ ሴንት ቶማስ ተመልሳ የኤችአይቪ ቫይረስን ፎቶግራፎች በማዘጋጀት አገዘች።

የኮሮና ቫይረስ ጥናት በእነዚያ ዓመታት የጥቂት ሰዎች መንደር ነበር። በ1980 በጀርመን ቩርትስቡርግ የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ስብሰባ ሲደረግ የተገኙት ወደ 60 የሚጠጉ ብቻ ናቸው። አሜሪካዊቷ ሱዛን ዋይስ አንዷ ነበረች። እነዚህ ሰዎች የአይጡን ቫይረስ ይዘው ዐሥርታት ቆዩ። የቫይረሱን ረጅም የዘር ሰንሰለት እያነበቡ፣ ላዩ ላይ ያለው ዘንግ ሕዋስን እንዴት እንደሚከፍት እያጠኑ፣ የሳልስበሪው የጉንፋን ክፍል በ1990 ሲዘጋም ቀጠሉ። በመጠቀስ ብዛት ሲለኩ ከኤችአይቪና ከካንሰር ተመራማሪዎች ጋር የሚወዳደሩ አልነበሩም።

ኖቬምበር 2002 በደቡብ ቻይና ጓንግዶንግ ግዛት ያልታወቀ የሳንባ ምች ተነሣ። ማርች 2003 የዓለም ጤና ድርጅት በዘጠኝ አገሮች የሚገኙ 11 ላቦራቶሪዎችን አስተባብሮ መንስኤውን ፍለጋ አሰማራ። የተለያዩ ግምቶች ይበሩ ነበር። በአትላንታ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል የታማሚ ናሙና የተዘራበትን ሕዋስ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲያዩ አክሊሉን አዩ። ሆንግ ኮንግ በማሊክ ፔይሪስ፣ ሀምቡርግ በክርስቲያን ድሮስተን የሚመሩ ቡድኖችም እዚያው ደረሱ። ከ35 ዓመት በፊት ለንደን ውስጥ የተሳለው ቅርጽ በሳምንታት ጊዜ ውስጥ መልስ ሰጠ። በሽታውን ለዓለም ካሳወቁት አንዱ የሆነው ጣሊያናዊው ሐኪም ካርሎ ኡርባኒ ማርች 29 ቀን በዚያው በሽታ ባንኮክ ውስጥ ሞተ። ሳርስ የተባለው ይህ በሽታ 8,096 ሰው ይዞ 774 ገድሎ ቆመ።

ከዚያ የሆነው የመዝገቡን ጠባይ በደንብ ያሳያል። ስለ ኮሮና ቫይረስ የሚጻፈውና የሚጠቀሰው በአንድ ጊዜ ወደ ላይ ተተኮሰ፤ በሽታው ሲጠፋ ደግሞ ገንዘቡም ትኩረቱም ሸሸ። ቫይረሱ ወደ ሰው ሕዋስ የሚገባበትን በር በ2003 ያገኘው የሚካኤል ፋርዛን ቡድን ግኝት፣ በቴክሳስ ፒተር ሆቴዝ እና ማሪያ ኤሌና ቦታዚ ለሳርስ ያዘጋጁት ክትባት፣ የዋይስና የሌሎች የዓመታት ሥራ ሁሉ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። የቴክሳሱ ክትባት ወደ ሰው ሙከራ የሚያሳልፈው ገንዘብ አጣ። ጁን አልሜዳ በደቡብ እንግሊዝ የባሕር ዳርቻ ከተማ በቤክስሂል ዲሴምበር 1 ቀን 2007 በ77 ዓመቷ አረፈች።

በ2012 ግብፃዊው ሐኪም ዶክተር አሊ ዛኪ ጅዳ ውስጥ በሳንባ ምች ከሞተ ሰው ሌላ ኮሮና ቫይረስ አገኙ፤ ለይቶ ለማወቅም በሮተርዳም የሮን ፉሽዬ ላቦራቶሪ አገዘ። ሜርስ ተባለ። መኖሪያው ግመል ሆኖ ተገኘ። እዚህ ላይ ታሪኩ ወደ እኛ አገር ይገባል። በ2014 የታተመ ጥናት ከኢትዮጵያና ከናይጄሪያ ግመሎች ደም አብዛኛው የሜርስ ፀረ እንግዳ አካል እንዳለበት አሳየ፤ በ2018 የወጣ ሌላ ጥናትም ከኢትዮጵያ፣ ከናይጄሪያ፣ ከቡርኪና ፋሶና ከሞሮኮ ግመሎች የተገኙት ቫይረሶች ከአረቢያዎቹ የተለየ የዘር ቅርንጫፍ እንደሆኑ ገለጠ። ከአፍሪካ ቀንድ ወደ አረብ አገሮች በመርከብ የሚሻገረውን የግመል ብዛት ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ወሬ አይደለም። አርብቶ አደሮቻችን ከሚያልቧቸውና አብረዋቸው ከሚያድሩ ግመሎች ጋር የኖረ ቫይረስ ነው። ይህ ጥናት ከዚህ የበለጠ ሰው ሊያነበው ይገባ ነበር እላለሁ።

ሜርስ ሌላም ነገር አስገኘ። ባርኒ ግራሃም፣ ጄሰን ማክሌላን፣ ኒያንሹዋንግ ዋንግ፣ አንድሩ ዋርድ፣ ኪዝሚኪያ ኮርቤትና ባልደረቦቻቸው የቫይረሱን ዘንግ ለክትባት ሲያዘጋጁ አንድ ችግር ገጠማቸው፤ ዘንጉ ቅርጹን ይለውጣል። ሕዋስ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ያለውን ቅርጽ ካላሳየነው ሰውነት ትክክለኛውን ፀረ እንግዳ አካል አይሠራም። መፍትሔያቸው በዘንጉ ላይ ሁለት ቦታ ፕሮሊን የተባለውን ገታራ አሚኖ አሲድ ተክቶ ዘንጉን ማስቆም ነበር። ጽሑፉ በተለያዩ መጽሔቶች ደጋግሞ ተመለሰ። በመጨረሻ በ2017 በአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ መጽሔት ታተመ። የአልሜዳ የዶሮ ቫይረስ ፎቶግራፎች ከተመለሱ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ገምጋሚዎች እንደገና ኮሮና ቫይረስን የሚያህል ነገር አቅልለው አዩ። ገምጋሚዎችን ለመውቀስ አይደለም፤ ነገ የሚያስፈልገውን ዛሬ መለየት ለማንም ከባድ ነው። ግን በሁለቱም ጊዜ ሥራውን ያቆየው የሠሪዎቹ እልህ ነበር።

ጃንዋሪ 2020 የዉሃኑ ቫይረስ የዘር ቅደም ተከተል ለሕዝብ ተለቀቀ። በቀናት ውስጥ የግራሃም ቡድንና ሞደርና የክትባቱን ንድፍ ጨረሱ፤ ሁለቱ ፕሮሊኖች የት እንደሚገቡ አስቀድሞ ይታወቅ ነበር። ጃንዋሪ 24 ቻይናውያን ተመራማሪዎች በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ያወጡት ጽሑፍ የአዲሱን ቫይረስ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ፎቶ ይዞ ነበር፤ አክሊሉ በግልጽ ይታያል። ፌብሩዋሪ 11 የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም የበሽታውን ስም ኮቪድ-19 ሲሉ ይፋ አደረጉ። ማርች 13፣ በእኛ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ የመጀመሪያው ታማሚ በኢትዮጵያ ተገኘ። ማርች 16 የመጀመሪያው የሞደርና የሙከራ ክትባት ሲያትል ውስጥ ለሰው ተሰጠ።

ጋዜጠኞች የኮሮና ቫይረስን መጀመሪያ ያየው ማን ነው ብለው መፈለግ የጀመሩት ያን ጊዜ ነው። በኤፕሪል የአውቶቡስ ሹፌሩ ልጅ ስም በዓለም ጋዜጦች ተሰራጨ። በሴንት ቶማስ ከእሷ የተማረው የባክቴሪያ ሊቅ ሂዩ ፔኒንግተን የቻይናውን ቫይረስ ለመለየት የረዳው ሥራ የእሷ እንደሆነ መሰከረ። ይህ የሆነው ከሞተች ከ12 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ነው።

በዚያው ሰሞን የመዝገቡ ሌላ ገጽታ ታየ። ሜይ 22 ላንሴት መጽሔት ሃይድሮክሲክሎሮኪን የተባለውን መድኃኒት በኮቪድ ታካሚዎች ላይ ስለ መጠቀም አንድ ጽሑፍ አወጣ። በመቶ ከሚቆጠሩ ሆስፒታሎች የተሰበሰበ የብዙ ሺህ ታካሚዎች መረጃ አለን ይላል። ሙከራዎች በዚህ ምክንያት ለጊዜው ቆሙ። መረጃውን ማንም ሊያረጋግጠው ስላልቻለ ጁን 4 ጽሑፉ ተሰረዘ። ከተሰረዘ በኋላ ግን በርካታ ጽሑፎች እንደ እውነተኛ ማስረጃ ሲጠቅሱት ቆዩ። ጋርፊልድ በ1955 ሊያስቀረው ያሰበው በትክክል ይህ ነበር። ጋርፊልድ በ2017 ስላረፈ ይህን አላየም።

በዓመቱ መጨረሻ የፋይዘርና የሞደርና ክትባቶች ውጤታማነት ተረጋገጠ፤ በሁለቱም ውስጥ የ2017ቱ ሁለት ፕሮሊኖች አሉ። በኋላ አዲስ አበባ የገባው የጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ክትባትም በዚሁ የቆመ ዘንግ ላይ የተሠራ ነው። የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. ቦሌ የደረሰው የመጀመሪያው ጭነት ግን የአስትራዜኔካ ነበር፤ የእሱ ዘንግ ፕሮሊን አልገባበትም።

በ2022 ጆን ዮአኒዲስና ባልደረቦቹ አንድ ቆጠራ አሳተሙ። በ2020 እና በ2021 ከታተሙ የሳይንስ ጽሑፎች በብዛት ከተጠቀሱት 100 ውስጥ 98ቱ ስለ ኮቪድ ናቸው። ከዚያ በፊት በኮሮና ቫይረስ ላይ አንድ ቀን ሠርተው የማያውቁ ሰዎች በዓመትና በሁለት ዓመት ውስጥ በዓለም እጅግ ከሚጠቀሱት ተራ ገቡ። ብዙዎቹ በዚያ ጭንቅ ጊዜ ሌት ተቀን ሠርተው ሕይወት ያተረፉ ናቸው፤ ምስጋናው ይገባቸዋል። ቆጠራው የሚያየው ግን የሁለት ዓመት ጽሑፎችን ነው። የሻልክና የሆን ጫጩቶች፣ የኤፕሰሙ ልጅ ናሙና፣ ኤፕሪል 1967 የታተሙት የአልሜዳና የቲረል ፎቶግራፎች፣ በቩርትስቡርግ የተሰበሰቡት 60 ሰዎች የአይጥ ቫይረስ ጥናት፣ ደጋግሞ የተመለሰው የ2017ቱ ጽሑፍ ከዚያ ሠንጠረዥ ውጭ ናቸው፤ ከ98ቱ ብዙዎቹ የቆሙት ግን በእነሱ ላይ ነው።